በቺብዌ መታጠፊያ የደቀቀው ጠጠር

ካፓምብዌ ነገሩ ካልገባው እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። በዛምቢያ ከምፒካ ከተማ በስተሰሜን ያለውን ሐዲድ በእግሩ እየሄደ የሚመረምረው እሱ ነው። ዝናብ ከመግባቱ በፊት የትኛው ቦታ ቀድሞ ይጠገን፣ የትኛው ይቆይ የሚለውም የእሱ ራስ ምታት ነው፤ እንጨቱም ሠራተኛውም ለሁሉም አይበቃማ።

የቺብዌ መታጠፊያ ተራው ሁልጊዜ መጨረሻ ነበር። ከሐዲዱ ሥር የተጋደመው እንጨት እርግጥ በስብሷል። ግን በዚሁ ምክንያት ባቡሩ እዚያ ሲደርስ ስለሚያዘግም፣ ከሐዲዱ ቢወጣም ሰው አይሞትም ይል ነበር ካፓምብዌ። ባቡሩ ስለሚያዘግምም ገበያ ቆሟል፤ የመንደሩ ሴቶች ስኳር ድንችና የሚበላ የደረቀ አባጨጓሬ በመስኮት ይሸጣሉ። ሚስቱ፣ የልጁ የሙሶንዳ እናት ካሉባም ከነሱ አንዷ ናት።

ዘንድሮ ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለው። በመታጠፊያው በአንዱ ጎን ብቻ ጠጠሩ ደቆ ዱቄት ሆኗል። ውሃ ነው እንዳይል ውሃው የሚወርደው በሌላው ጎን ነው። ከብት ነው እንዳይል ኮቴ የለም። የሥራ ጓደኞቹ ሰውዬው ጠጠሩን የአባቱን ስም ሊጠይቀው ነው እያሉ ሳቁበት። እሱ ግን ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጦ ባቡሩን ጠበቀ።

ባቡሩ መጣ። መንገደኞቹ ገንዘብ እስኪያወጡ ፉርጎው ጥሏቸው ስለሚሄድ ሴቶቹ ሳፋቸውን እንደተሸከሙ አብረውት ይሮጡ ጀመር፣ እዚያው ጠጠር ላይ። አንዷ ተንሸራታ መንኮራኩሩ አጠገብ በጉልበቷ ወደቀች፤ ብድግ ብላም ሮጠች። ካሉባ ነበረች። ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው የምሸጠው የምትለው ካሉባ። ዕድሜውን ሙሉ ዓይኑን ከብረቱ ሳያነሣ በዚያ ሲያልፍ ኖሯል፤ ፈራም፣ አፈረም።

በዚያው ሳምንት ቺብዌን ከሚጠገኑት አንደኛ አደረገው። ካሉባ ይህን ከሰማች ወዲህ የበቆሎ ገንፎውን ንሺማውን አስቀምጣለት ትወጣለች እንጂ አብራው አትቀመጥም። ባቡሩ ቢረግጥሽ ኖሮስ ቢላት፣ ገበያዬን የረገጠው ማን ሆነና አለችው።

መታጠፊያው ተጠግኖ ባቡሩ መጀመሪያ በፍጥነት ያለፈ ቀን ሄዶ አጠገቧ ቆመ። መስኮቶቹ እልም አሉ። የሮጠች ሴት የለችም፤ ሁሉም ከነሙሉ ሳፋቸው ቆመው ቀሩ። እሱ እፎይ ሊል ሲል ካሉባ ሳፋዋን መሬት አስቀመጠች።

«የሙሶንዳ አባት፣ ይሄ ይቅደም፣ ያ ይቆይ ስትል ነው የምትውለው» አለችው። «አሁን እኛ ስንተኛ ነን?»

ጎንበስ ብሎ ሳፋውን አነሣና፣ ወንድ ሳፋ ሲሸከም አይተው የማያውቁት ሴቶች እያዩት፣ አናቱ ላይ አድርጎ ከኋላዋ ወደ ቤት ሄደ።