ሦስት ቀን በሁለት ፓንት

ላሊበላ ውስጥ የሴት አስጎብኚ የወር አበባ ምስጢር አይሆንም። ሌላ ጊዜ እንግዶቼን ይዤ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው ስገባ ስወጣ የሚያየኝ ሰው፣ በእነዚያ አራት አምስት ቀናት በር ላይ ተገትሬ ሲያገኘኝ ወዲያው ይገባዋል። በልማደ አንስት ጊዜ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ሥርዓቱ ነው። እኔም የካህን የልጅ ልጅ ነኝና ልከራከረው ሞክሬ አላውቅም። ዘዴዬ ከአንድ ወንድ ባልደረባዬ ጋር መስማማት ነበር። በር ላይ ቆሜ ታሪኩን እተርካለሁ፣ እሱ እንግዶቹን ተረክቦ ይገባል፤ በሌላ ቀን ደግሞ እኔ የእሱን እንግዶች ከአውሮፕላን ማረፊያ አመጣለታለሁ። ይህ ሰው ቀኔን ከእኔ በላይ ያውቃል። አንድ ጊዜ እንዲያውም መንገድ ላይ አስቁሞኝ "በዚህ ወር ዘገየሽ እኮ፣ ደህና ነሽ?" አለኝ።

እኔ ግን የምመኘው ተራራውን ነበር። ከከተማ ተነስቶ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ዞሮ ዋሻ ውስጥ ወደ ተሠራው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የሚወርድ የሦስት ቀን የእግር ጉዞ አለ። መንገዱን የሚመሩት ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ኃላፊያቸው ድሮ ዲያቆን የነበሩ፣ ሃምሳን ያለፉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለመንኳቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ "እስቲ እናያለን" አሉኝ። በሦስተኛው ዓመት መልሳቸው ረዘም አለ።

"አንቺ ልጅ፣ እግርሽንማ አውቀዋለሁ። ግን መሃል ተራራ ላይ ያ ነገር ቢመጣብሽስ? ሱቅ የለ፣ ቤት የለ። እንግዳ ይዘሽ የት ትገቢያለሽ?"

"አይመጣም ጋሼ፤ ቀኔን አውቀዋለሁ" አልኳቸው፣ ሳላስብ።

"እንግዲያው ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጉዞ አለ። አንቺ ትመሪያለሽ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ አያለሁ። ከቻልሽ ሥራው ያንቺ ነው። ካልቻልሽ ዳግመኛ እንዳትጠይቂኝ።"

ቤት ገብቼ የቀን መቁጠሪያውን ስቆጥር፣ የወር አበባዬ ልክ የጉዞው መጀመሪያ ቀን ላይ ወደቀ። ተመልሼ ልነግራቸው ይገባ ነበር። አልነገርኳቸውም። ሁለት ዓመት የለመንኩትን ሥራ በአንድ የወር አበባ መልሼ የማስረክብ ሞኝ አይደለሁም።

ሁለት ወሩን ምርጫዎቼን ስፈትን ከረምኩ። መጀመሪያ ሞዴስ። ከልጅነቴ የማውቀው እሱን ነው፤ ባለሱቁ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በጥቁር ፌስታል ከትቶ፣ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ ይሰጠኛል። ፌስታሉ ራሱ ምን እንደያዝኩ ለመንገደኛው ሁሉ ያወራል፤ ስኳር ሲሆን በነጭ ነው የሚሰጠኝ። ለከተማ ሥራ ሞዴስ ምንም አይወጣለትም። አንድ ጠዋት ግን አድርጌው የአሸተን ማርያምን ዳገት ወጣሁበት። ገና ግማሽ ሳልደርስ ክንፉ ተላቀቀ፣ መሃሉ ተጠቅልሎ ጭኔን ልጦኝ ተመለስኩ። ደግሞስ የተጠቀምኩበትን የት እጥለዋለሁ? ደጋው ላይ የቆሻሻ መጣያ የለም። ብቀብረው ውሻ ያወጣዋል፣ ውሻ ያወጣውን እንግዳ ፎቶ ያነሳዋል።

እናቴ የራሷን አማራጭ አቀረበች፤ ያረጀ ነጠላ አራት እጥፍ አድርጎ በመቀነት ማሰር። "እኔ በዚህ አምስት ልጅ እስክወልድ ኖሬያለሁ" አለችኝ። ሞከርኩት። ለስላሳ ነው፣ በደንብ ይመጥጣል፣ ስራመድ ግን ቀስ እያለ ወደ ጀርባዬ ይሰደዳል። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ እማዬ" ብላት፣ "መቼ አስሮጥኩሽ? ቁጭ በይ ነው ያልኩሽ" አለችኝ። እውነቷን ነው። የእናቴ ጨርቅ የተሠራው በዚያ ሰሞን ቤት ለምትቀመጥ ሴት ነው።

አዲስ አበባ ለምትኖረው እህቴ ደወልኩላት። በመኪና ሁለት ነገር ላከችልኝ፤ ካፕ የሚሉትን ትንሽ የጎማ ኩባያና ደም የሚመጥጥ ፓንት፣ ሦስት፣ ሁሉም ጥቁር። ካፑን መመሪያው እንደሚያዘው በድስት ጥጄ ውሃ ልቀዳ ወጣ አልኩ። ስመለስ እናቴ አውጥታው፣ የተቀቀለ እንቁላል አስቀምጣበት ጠረጴዛው ላይ አቁማዋለች። "ይሄ የሆቴሎቹ የእንቁላል መቆሚያ አይደል? ልኩ ነው" አለች ደስ ብሏት። ምን እንደሆነና የት እንደሚገባ ስነግራት አንዴ እንቁላሉን አንዴ እኔን እያየች "ያላገባሽ ልጅ!" ብላ አማተበች። እንቁላሉን ማናችንም አልበላነውም።

ካፑን የተውኩት ግን በእናቴ ማማተብ አይደለም። ቤት ውስጥ ስሞክረው ተመችቶኝ ነበር፤ ማድረጌንም እስክረሳ ድረስ። ነገር ግን ለማውጣትና ለማጠብ ንጹሕ ውሃ፣ ንጹሕ እጅና የሚዘጋ በር ይፈልጋል። ተራራው ላይ ከሦስቱ አንዱንም ተስፋ ማድረግ አልችልም ነበር።

ቀረ ፓንቱ። ሳፋ ላይ ዘርግቼ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አፈሰስኩበት፤ ውሃው ተንከባሎ ወረደ። እህቴ ላይ ልጮህባት ስደውል "አጥበሽዋል?" አለችኝ። ለካ አዲሱ ሁለት ሦስቴ ካልታጠበ በደንብ አይመጥጥም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። አጥቤ ብሞክረው ግማሹን ብርጭቆ ጠጥቶ ላዩ ደረቅ ሆነ። ደስታዬን ያየችው እናቴ ልታግዘኝ ፈለገች። እኔ ሥራ በሄድኩበት አንዱን ፓንት ወስዳ፣ የበዓል ነጠላዋን እንደምታጥበው አፍልታ በበረኪና ነከረችው። ስመለስ ጥቁሩ ፓንት የአህያ ሆድ መስሏል፤ ውስጡ ያለው ሽፋን ተሰነጣጥቆ ውሃውን እንደ ወንፊት ያሳልፋል። "ንጹሕ እንዲሆንልሽ ብዬ ነው" አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። አልተቆጣኋትም። እርግጥ ተቆጥቼአለሁ፣ ግን አጭር ነበር።

ስለዚህ ሦስት ቀን በሁለት ፓንት። አንዱ ሲለበስ ሌላው ታጥቦ መድረቅ አለበት። በዚያ ብርድ እንዴት እንደሚደርቅ ሳላውቅ ተነሳሁ።

እንግዶቹ አራት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህራን። እኔ ከፊት፣ እነሱ መሃል፣ ጋሼ ከኋላ። ወደ ቀትር ላይ፣ ትልቁ ዳገት መሃል፣ መጣ። ፓንቱን ከጠዋት ጀምሮ ለብሼው ነበር፤ ሆኖም የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት የተራመድኩት በእግሬ ሳይሆን በጆሮዬ ነው። ጋሼ ከኋላ ባሳሉ ቁጥር አሁን አዩ፣ አሁን "ነይ ተመለሺ" ሊሉኝ ነው እላለሁ። ጅብራ የበቀለበት ሜዳ ላይ ስንደርስ ለእንግዶቹ ጭላዳ ዝንጀሮ የማሳይ መስዬ ድንጋይ ኋላ ሄድኩና አየሁ። ምንም አላሳለፈም። ከዚያ በኋላ ድምፄ ራሱ ተለወጠ፤ ስለ ጭላዳ የማላውቀውን ሁሉ አወራሁ።

ጀንበር ሳትጠልቅ የምናድርበት መንደር ገባን። ምንጩ ጋ ወርጄ ፓንቱን ማለቅለቅ ጀመርኩ። ደም በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚለቀው፤ የደጋ ምንጭ ደግሞ ቅዝቃዜ አይጎድለውም። ለእንግዶች ምግብ የምታበስለው የመንደሩ ሴት እንስራዋን ይዛ መጣችብኝ።

"ምንድነው የምታጥቢው፣ አለሜ?"

ነገርኳት። ተቀብላኝ ገበያ እንደቀረበ የሱፍ ባና በሁለት ጣቷ ፈተገችው፣ ውስጡን ገልብጣ አየችው።

"ሞዴስማ ለተማሪዎቹ ሲሰጧቸው አይቻለሁ። ፓንት ላይ ይለጠፋል ይላሉ። እኛ መጀመሪያ ፓንቱ መች አለን!"

"ይሄኮ ራሱ ፓንትም ሞዴስም ነው።"

"ገብስ ሳጭድ ስጎነበስ ይይዛል?"

"ዛሬ ይሄን ሁሉ ዳገት ይዟል።"

"ዳገትማ ቀጥ ብለሽ ነው የምትወጪው። አጨዳ ሌላ ነው።"

ክርክሩን በቃል ማሸነፍ አልቻልኩም። ሁለተኛውን ፓንት ለብሻለሁና ምንጩ ዳር ጎንበስ ብዬ፣ ማጭድ የያዝኩ መስዬ፣ የሌለ ገብስ ማጨድ ጀመርኩ። እሷ ከኋላዬ ዞራ ቀሚሴን አገላብጣ ስታይ ቆየችና "ይይዛል!" ብላ እስክትቀመጥ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ቀኑን ሙሉ የያዝኩት ፍርሃት እዚያ ነው የወጣልኝ። የታጠበውንም "በዚህ ብርድ በሦስት ቀንም አይደርቅልሽ" ብላ ወሰደችውና ምድጃዋ ዳር ሰቀለችው። ጠዋት ደርቆ፣ ጢስ ጢስ እየሸተተ ተረከብኩት። በሁለተኛው መንደርም እንደዚያው አደረግኩ፤ ማፈሩን ምንጩ ጋ ትቼው ስለመጣሁ የቤቱን እመቤት ራሴ ነኝ የጠየቅኳት። በዚያ ቀን አንዷን መምህርት ጉልበቷን አሟት ቦርሳዋንም ደርቤ ተሸክሜ ነበር። ጋሼ ከኋላ ሆነው አዩኝ።

በሦስተኛው ቀን የጽዱን ደን አቋርጠን ይምርሐነ ክርስቶስ ደረስን። ዋሻው አፍ ላይ ከተሠራው ነጭ አጥር ስንደርስ ጋሼ ከኋላ ወደ ፊት መጡ።

"በይ ይዘሻቸው ግቢ። የቀረሽ ይሄ ብቻ ነው፤ ውስጡን እንዴት እንደምታስረጂ ልስማ።"

በሩ ሁለት እርምጃ ነው። ቀሚሴ ንጹሕ ነው፣ ፊቴ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ብገባ እዚያ ከቆሙት አንድም ሰው አያውቅብኝም፣ ሥራውም የእኔ ነው። ብቆም ደግሞ ጋሼ ወዲያው ያውቃሉ። ጫማዬን ለማውለቅ ጎንበስ ብዬ ክሩን ያዝኩት። ለጋሼ ዋሽቻለሁ፣ ያንን ቻልኩት። ክሩን ለመፍታት ግን እጄ እምቢ አለ።

"አልገባም ጋሼ። እዚሁ ሆኜ ልንገራቸው" አልኩ።

አዩኝ። ከዚያ መሬት መሬት አዩ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንጨትና ድንጋይ እየተደራረበ እንዴት እንደተሠራ፣ ገብተው ወዴት ቀና ማለት እንዳለባቸው፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ጋሼ ይዘዋቸው ገቡ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለእንባም እንዲህ ያለ ነገር ቢሠሩልን እያልኩ ነጠላዬን አረጠብኩት።

ጋሼ ከእንግዶቹ ቀድመው ወጡና ትንሽ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

"ዛሬ ነው?"

"ከትናንት ወዲያ ነው ጋሼ። ዳገቱ መሃል።"

በጣታቸው የሆነ ነገር ቆጠሩ። "የሴትዮዋን ቦርሳ ስትሸከሚም?"

"አዎ።"

"ቀኔን አውቀዋለሁ ያልሽኝስ?"

"አውቀው ነበር።"

"ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ ያንቺ ግን ሦስት ቀን ቆየ" አሉና ሳይወዱ በግዳቸው ሳቁ። "የሚቀጥሉት እንግዶች ከፋሲካ በኋላ ናቸው። ብቻሽን ትወስጃቸዋለሽ። እኔ ጉልበቴን አሞኛል።"

የቤተ ክርስቲያን ደጅ ባይሆን እልል እል ነበር። እሳቸው ግን አልተነሱም። በዱላቸው አፈሩን ሲጭሩ ቆዩ።

"ያ ያደረግሽው ነገር የት ይገኛል?"

"ለማን ነው ጋሼ?"

"ለልጄ። ሰባተኛ ክፍል ናት። ከእኛ ቤት ትምህርት ቤቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። በየወሩ ሆዴን እያለች ሦስት አራት ቀን ትቀራለች። እኔ ሰነፍ ናት ብዬ፣ ባለፈው አለንጋ አንስቼባታለሁ።" ዱላቸውን መሬት ላይ ጣሉት። "እናቷም አልነገረችኝ፣ እሷም አልነገረችኝ። ቢነግሩኝስ መች እሰማ ነበር።"

"ከእህቴ አስልክላታለሁ። ልኳ ስንት ነው?" አልኳቸው።

ተነስተው መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "እዚህ ድረስ ትደርሳለች።"

"ቁመቷን አይደለም ጋሼ። ወገቧን ነው።"

"እሱን እኔ በምን አውቄው!" ብለው ፊታቸውን ወደ ጽዱ አዞሩ።

"እንግዲያው ይደውሉላትና እኔ ልጠይቃት።"

ኔትወርክ የሚይዝበትን ጉብታ ፈልገው ደወሉ፤ ገና እየጠራ ስልኩን እጄ ላይ ጥለው ሃያ እርምጃ ያህል ራቁና ጀርባቸውን ሰጥተውን ዛፎቹ መሃል ቆሙ።

"አቤት አባዬ" አለች ቀጭን ድምፅ።

ማን እንደሆንኩና ለምን እንደደወልኩ ነገርኳት።

"አባዬ አጠገብዎ አለ?"

"ራቅ ብለው ቆመዋል።"

"አይሰማም?"

"አይሰሙም፤ ንገሪኝ።"

ልኳን ነገረችኝ። ጥቁር እንዲሆንላት ጠየቀችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ሰኞ ሳምንት ፈተና አለኝ፤ እስከዚያ ይደርሳል?" አለች።

"ለሰኞ ሳምንቱ ፈተና ይድረስ ነው የምትይኝ?" ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስደግምላት፣ ጋሼ ከዛፎቹ መሃል፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ጮኹ።

"ይደርሳል በያት!"