ሳጨበጭብ አቁሙ

አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ፣ አሰላ ላይ ጨውና ሳሙና እየሸጠ ነው ያሳደገኝ። ኦሮምኛዬም የሱቅ ኦሮምኛ ነው፤ ዋጋ ለመከራከር ይበቃል፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ግን አይበቃም። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ይቅርታ ልጠይቃቸው የሚገባኝ ሴት ደግሞ ከኦሮምኛ ሌላ ቋንቋ አይችሉም።

ሥነ ዜጋ ሳስተምር ኖሬ፣ ለወጣቶች የሰላም ትምህርት የሚሰጥ ፕሮጀክት ቀጠረኝ። ገንዘቡ ከውጭ ነው የሚመጣው። የእኔ ድርሻ በየቅዳሜው በሚኒባስ፣ ከዚያ በጋሪ፣ ወደ ዲክሲስ ገጠር ወጥቼ በአንድ ትምህርት ቤት የሰላም ክበብ መምራት ነበር። ትምህርት ቤቱ በሁለት መንደሮች መካከል ነው፤ የሚለያቸው አንድ ወንዝ ነው፣ ያውም በበጋ ዝናብ ያየ የማይመስል። ጠቡ ግን በየዓመቱ አይቀርም። ኮምባይነሩ ስንዴውን አጭዶ ሲሄድ ገለባው ይቀራል፤ ከብቱ ገለባውን ተከትሎ ይሻገራል፣ ባለቤቱ ከብቱን፣ ዱላው ደግሞ ባለቤቱን።

አልዋሽም፣ ሥራውን እወደው ነበር። በተለይ ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ ልጆች እላለሁ እንጂ ጢማቸውን የሚላጩ ጎረምሶች ናቸው። አንደኛው ከወንዙ ወዲህ ነው፣ ዝምተኛ፣ የአንዲት አሮጊት የመጨረሻ ልጅ። ሁለተኛው ከወንዙ ወዲያ፣ ምላሱ የሚፈጥን፣ ሁላችንንም የሚያስቅ። መጀመሪያ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አልቀመጥ ብለው አስቸግረውኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ብርድ ሲሆን አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ደርበው ይቀመጡ ጀመር። እኔም እነሱን እያየሁ በልቤ እኩራራ ነበር።

የዝምተኛውን እናት አገሩ ሁሉ አዮ ነው የሚላቸው፤ እናት ማለት ነው። ስለ ሲንቄ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሲንቄ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ በትር ነው። የአርሲ ሴት ስትዳር ከእናቷ እጅ ትቀበለዋለች፣ ቅቤ እየቀባች እድሜ ልኳን ታኖረዋለች። ወንዶች ሲጋደሉ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው መሃል ይገባሉ፤ ያኔ ዱላ የሰነዘረ ዱላውን ይመልሳል። ሲንቄ የቆመበትን አልፎ የሚማታ ሰው የለም። አንድ ቀን አዮ፣ «እናትሽ ስትዳሪ ሲንቄሽን ሰጠችሽ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ብርድ ልብስና ቡታጋዝ ነው የሰጠችኝ አልኳቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል የፕሮጀክቱ ኃላፊ ሰበሰበን። ገንዘብ ሰጪዎቹ ሊጎበኙን እንደሚመጡ፣ ካማራቸው እንደሚቀጥሉ፣ ካላማራቸው ክበቦቹ ሁሉ እንደሚዘጉ ነገረን። የሚታይ ነገር ያስፈልጋል አለ፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚወያይ ወጣት ፎቶ ላይ አያምርም። እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሲንቄን በድራማ እናሳያቸው አልኩ። ማንም አላስገደደኝም።

አዮ እምቢ አሉ። «ሲንቄ ጠብ በሌለበት አይወጣም፣» አሉኝ፣ ልጃቸው እያስተረጎመልኝ። «በጨዋታ ያየው ሰው በጭንቅ ቀን አያከብረውም።»

ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው፣ ክበቡ ከተዘጋ ልጆቹ ወደ ገለባው ጠብ እንደሚመለሱ፣ ከነሱም አንዱ የእሳቸው ልጅ እንደሚሆን ነገርኳቸው። የእናት ሆድ የት ጋ እንደሚረታ አውቄ ነው የተናገርኩት። ለልጆቹ ከሆነ እሺ፣ ግን አንድ ቀን ብቻ አሉኝ። አንድ ቀን ብቻ ብዬ ማልኩላቸው።

አንዱ ቀን ልምምድ ያስፈልገው ነበርና አራት ቅዳሜ ሆነ። ሁለቱ ጎረምሶቼ ተደባዳቢ ሆነው ዱላ ያነሳሉ፣ አዮ ሲንቄውን ይዘው ይገባሉ፣ እነሱ ያቆማሉ። ቀላል መስሎኝ ነበር። አዮ ግን ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት። ልጆቹ አንዴ ሳይደርሱ ያቆማሉ፣ አንዴ ከደረሱም በኋላ እየሳቁ ይቀጥላሉ። ተበሳጨሁ። «እሳቸውን አትዩ፣ እኔን እዩ፣» አልኳቸው። «ሳጨበጭብ አቁሙ።»

ከዚያ በኋላ እንደ ሰዓት ሠራ። አዮ ምን እንዳልኩ ልጃቸውን ጠየቁት፤ ነገራቸው። ሲንቄያቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉና ጥግ ሄደው ተቀመጡ። ያን ጊዜ ጉልበታቸው አሟቸው ነው ብዬ ነበር።

እንግዶቹ መጡ። በትክክለኛው ሰዓት አጨበጨብኩ፣ ዱላዎቹ አየር ላይ ቀሩ፣ ካሜራው ቀጭ ቀጭ አለ። አንዷ እንግዳ ዓይኗን በመሐረብ ስትጠርግ አይቻለሁ። ከወር በኋላ ገንዘቡ ተፈቀደ፤ ለክበቡ አዳዲስ ወንበሮች ተገዙ፣ ኳስ ተገዛ። አዮ ግን ስሄድ ሻይ ከማቅረብ በቀር ስለዚያ ቀን አንስተው አያውቁም።

ኅዳር ላይ ኮምባይነሩ መጣ፣ ሄደ፣ ገለባው ቀረ። ቅዳሜ ስለነበር እኔም በጋሪ እየደረስኩ ነበር። ማሳው ላይ ሰው ሲተራመስ ከሩቅ አየሁ፤ ከወዲህም ከወዲያም፣ ሽማግሌም ጎረምሳም። ከዚያ ሴቶቹ እልል እያሉ ሲንቄያቸውን ከፍ አድርገው ወጡ፣ አዮ ከፊት። ትልልቆቹ ሰዎች ባሉበት ቆሙ። ዱላቸውን ዝቅ ሲያደርጉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ያ አንደበተ ፈጣኑ ልጄ ግን አልቆመም። ድንጋይ ይዟል። «አዮ፣ እንግዶቹ ዛሬ አልመጡም፣» አላቸው። ያኔ ጋሪው ማሳው ዳር ደርሶ ነበርና የሱቅ ኦሮምኛዬ ይህን አንድም ቃል ሳያጎድል ሰማው። በጎናቸው አለፈና ወረወረ። ድንጋዩ ያረፈው ብርድ ልብስ በሚጋራው ጓደኛው ግራ ዓይን ላይ ነው።

እኔ ጋሪው ላይ ነበርኩ፤ ሁለቱም እጆቼ የጋሪውን ጠርዝ ጨብጠው ነበር። ዛሬም እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው፤ ባጨበጭብስ ኖሮ?

ዓይኑ አልተረፈም። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል። እናቴ ሱቃችን ውስጥ ተቀምጬ ሳለቅስ አግኝታኝ፣ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ አለችኝ። እናቴ ስታዝንም እንዲህ ነች።

ሽማግሌዎች ሁለቱን ቤተሰብ ለማስታረቅ ሲቀመጡ እኔም ተጠራሁ። ስለ ዓይኑ ካሳ ብዙ አልተከራከሩም፤ ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነበር። ሲንቄ አልፎ የተማታ ሰው በዕድሜያቸው አላዩም። ልጁን መሃል አቁመው፣ ሲንቄ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ቀርተህ ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ልጁ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። የሰጠው መልስ ለሽማግሌዎቹ በኦሮምኛ፣ ለእኔ ደግሞ በአማርኛ ነበር።

«ቲቸር፣ እርስዎ ሲያጨበጭቡ ነበር የምናቆመው።»

ተንኮል አልነበረበትም። እያለቀሰ ነበር። ያስተማርኩትን ነው የመለሰልኝ፤ እንደ ወትሮው ጎበዝ ተማሪዬ።

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ተነሳሁ። ዲፋማ አልኩ፤ ይቅርታ ማለት ነው። ከዚያ የሚቀጥለው ቃል ጠፋኝ፤ ቆሜ ያችኑ ቃል ደጋገምኳት። አንዱ ሽማግሌ ሊቆጡኝ አፋቸውን ሲከፍቱ አዮ ከተቀመጡበት እጃቸውን አነሱ። ሲንቄያቸውን አልያዙም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ይዘውት አይወጡም ይላሉ።

«ተዉአት፣» አሉ። «ከየት ታውቃለች? ሲንቄ አልተሰጣትም።»

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

እርቁ ወረደ። ጓደኛሞቹ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ አሁን ግን አንደበተ ፈጣኑ ብርድ ልብሱን ለዝምተኛው ብቻ ይተውለታል። ክበቡም አልተዘጋም፤ ገንዘቡ አለ። ፕሮጀክቱ ያን ፎቶ የቀን መቁጠሪያ ላይ አሳትሞ ለየቢሮው አድሏል፣ አንዱ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። አውርጄው አላውቅም። አዮ መሃል ቆመው ሲንቄያቸውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገዋል። ሁለቱ ልጆች ዱላቸውን እንደሰነዘሩ ቆመዋል፤ የሁለቱም ሁለት ሁለት ዓይን ደህና ነው። የሚያየው ሁሉ እንዴት ያምራል ይለኛል። ልጆቹ ግን አዮን እያዩ አይደለም። ሁለቱም ከፎቶው ውጭ፣ ወደ ግራ፣ እጆቼን ነው የሚያዩት።