ሄርመላ እና የመጋዘኑ መቆለፊያዎች

ሱዳን ውስጥ፣ ከገዳሪፍ ገበያ ጀርባ ባለው የአብዱልሰላም የመድኃኒት መጋዘን ኮምፒዩተሩ መቆም የጀመረው ክረምቱ ሲገባ ነው። ወደ ሐምዳይት የሚሄደው መኪና ተጭኖ ደጅ ቆሟል። መዝጋቢው አኑዋር የሚወጣውን መድኃኒት ሲመዘግብ ማያው ይደርቅበታል። ሾፌሩ መንገዱ ጭቃ ሳይሆን መውጣት ይፈልጋል፤ ያጉረመርማል። ቆይቶ ማያው በራሱ ይለቀዋል። ምን እንደያዘው የሚያውቅ የለም። ሁሉም ግን ዞሮ የሚያየው ሄርመላን ነው።

ሄርመላ የሑመራ ልጅ ናት። እዚያ ባንክ ውስጥ ዳታቤዝ ትጠብቅ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ተከዜን ተሻግራ በሐምዳይት ድንበር ገባች፤ ከካምፕ ወጥታም በዚህ መጋዘን ያንኑ ሥራ አገኘች። የአብዱልሰላም አባት ከጎንደር መጥተው እዚሁ የቀሩ ነጋዴ ነበሩ። አብዱልሰላም ሥራውን ሲሰጣት ወረቀቷን እንኳ አላየም። ኮምፒዩተሩ መቆም ከጀመረ ወዲህ ግን ሰላምታው አጠረ።

አንድ ቀን ሾፌሩ ደጅ ላይ በዓረብኛ «ጃሱስ» ሲል ሰማችው፤ ሰላይ ማለቱ ነው። ስለማን እንደሚያወራ አልጠየቀችም። የዚያን ዕለት አብዱልሰላም ቢሮው ጠራት።

«ስሚ ሄርመላ፣ የዚህን ነገር የይለፍ ቃል የያዝሽው አንቺ ነሽ። እንዲህ የሚያደርገው ማን ነው?»

«ሙዲር፣» አለች፤ አለቃ ማለቷ ነው። «አንድ ሰው የአንድን መድኃኒት ቁጥር ሲያስተካክል ዳታቤዙ ያንን ቦታ ይቆልፈዋል። ሁለት ሰው በአንዴ ነካክቶ እንዳያበላሸው ነው። ሌላው ይጠብቃል። አንድ ሰው ቆልፎ ሳይለቅ እየቆየ ይመስለኛል።»

«ማን?»

«አሁን የያዘውን ያሳየኛል። እኔ እስክደርስ ግን ይለቃል፤ ያለፈውን ደግሞ ይረሳል። የትኛው መቆለፊያ ስንት ጊዜ እንደተያዘ፣ ስንቱ እንደጠበቀ፣ ምን ያህል እንደቆየ የሚያስታውስ ነገር ልጨምርበት።»

አብዱልሰላም የጸሎት መቁጠሪያውን አዟዟረ። «ሌላስ ምን ትጨምሪበታለሽ?» አላት።

ፈቀደላት፤ ግን አኑዋር አጠገቧ ተቀምጦ እንዲያይ አዘዘ።

የዳታቤዙ ኮድ ለማንም ክፍት ስለሆነ ከፍታ አነበበችው። መቆለፊያ በሚሰጥበትና በሚለቀቅበት ቦታ ቆጣሪ አስገባች። የመጀመሪያው ሙከራ መጋዘኑን ጭራሽ አንቀረፈፈው፤ ሁሉም በአንድ ቆጣሪ ላይ ስለሚጽፉ ቆጣሪው ራሱ መቆለፊያ ፈልጎ ነበር። አብዱልሰላም በሩ ላይ ቆሞ ያያት ነበር። ቆጣሪውን አወጣችው፤ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱን ለብቻው እንዲቆጥርና በኋላ እንዲደመር አድርጋ እንደገና ሠራችው።

እሷም መጠርጠር ጀምራ ነበር። አኑዋር ስልኩ ላይ ይጽፋል፤ ቀና ስትል ይገለብጠዋል። በፊት ከወንበሩ የማይነሳው ሰው ወደ መጸዳጃ ስትሄድ አብሯት ይነሳል። ከተቀጠረች ጀምሮ ቦታዋን የፈለገ እሱ መሆኑን ለራሷ ነገረች። ማሽኑ ሲቆም እጆቹን ታያለች።

ሳምንቱ ሲያልቅ የተደመረውን ከፈተች። መዘግየቱ ሁሉ የመድኃኒቱ ቀሪ በተጻፈበት ሰንጠረዥ ላይ ነው። የያዘው ደግሞ አንዱን መስመር ሳይሆን ሰንጠረዡን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ መቆለፊያ ነው። በዚህ መጋዘን እንዲህ ያለ መቆለፊያ የሚጠቀም ሥራ አታውቅም። አንድ ሰው ሌላ ነገር አስገብቷል ማለት ነው።

ወደ አኑዋር ዞረች። «አንተ ነህ ወይ?»

አኑዋር ክው አለ። «እኔ? እኔማ አንቺ ነሽ ብዬ ነው የምጠብቅሽ።»

«ማን ጠብቃት አለህ?»

ስልኩን ገልብጦ አሳያት። ለአብዱልሰላም የላካቸው መልእክቶች ናቸው። «ዛሬም ምንም አላደረገችም።» «ለምሳ ወጥታ ተመለሰች።» እንዲህ እያለ ይወርዳል። ሄርመላ አንብባ ስልኩን መለሰችለት። ከዚያ ቆጣሪው ያወጣውን ያየ ምስክር እንዲኖራት ብላ እሱንም ይዛ ወደ ቢሮ ገባች።

ቆጣሪው የደመረውን በአብዱልሰላም ማያ ላይ ከፈተችለት።

«ሰንጠረዡን ሙሉ የሚቆልፍ፣» አለ ቀስ ብሎ። «ሲቆጥርስ ይቆልፋል?»

«ምን ሲቆጥር?»

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ከሰላ ከተማ ያለ የእህቱ ልጅ ያስገባለት ፕሮግራም ነበረበት። መድኃኒት ከመጋዘን እየወጣ ይሸጣል ብሎ ስለጠረጠረ፣ በፈለገ ሰዓት ከስልኩ ሆኖ ቀሪውን ይቆጥራል። ሲቆጥር ማንም ቁጥር እንዳይነካ ሰንጠረዡ ይዘጋል። ኔትወርኩ መሃል ላይ ሲቋረጥ ደግሞ መቆለፊያው እንደተያዘ ይቀራል፤ ደጅ ያለው መኪናም ይቆማል።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለችው።

«ብነግርሽ ምን ዋጋ አለው? የምጠረጥረው እናንተን ነው» አላት፤ አላፈረም። «መጋዘን ያለው ሰው ይጠረጥራል።»

ይቅርታ አልጠየቀም፤ መቁጠሩንም አልተወም። ሄርመላ ቆጠራው ምንም ሳይቆልፍ የዚያችን ቅጽበት ቀሪ ብቻ እንዲያነብ አድርጋ ቀየረችለት። ከዚያ በኋላ መኪኖቹ ሳይቆሙ መውጣት ጀመሩ።

በሳምንቱ አብዱልሰላም እንደገና ጠራት። ቆጣሪውን ወዶታል። «የሰዉንም ስም ይያዝልኝ። ማን ምን እንደነካ ልወቅ።»

«ይቻላል። ግን የእርስዎም ስም ይያዛል፤ የሚያየው ሰው ሁሉ ያየዋል።»

አሰበበት። «ከላስ፣ በቃ ተይው» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ሄርመላ እስካሁን እዚያው ናት። ከአኑዋር ጋር አንዳንድ ጠዋት ከአንድ ሳህን ፉል ይበላሉ። ስለ ዝናቡ፣ እዚያ ራክሻ ስለሚሉት ባጃጅ መወደድ፣ ስለ ከሰላ መንገድ ያወራሉ። ስለ መጋዘኑ ግን አንዳቸውም አያነሱም።