ሸቤ ላይ የጣልነው ድንኳን

ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ ጎረቤታችን የነበረው ተዋናይ የሚታወቀው በመሞት ነው። ፊልም ላይ ታንቆ ሞቷል፣ በጥይት ሞቷል፣ ገደል ገብቷል። ሲሞት ያምርበታል፤ ዓይኑን አይጨፍንም። እናቱ ግን ማየት አይችሉም ነበር። እኛ ቤት ተሰብስበን ስናይ እሱ ሊሞት ሲል ተነስተው በረንዳ ላይ ይቆማሉ።

"አለቀ?" ይሉኛል ከውጭ።

"አልቋል፣ ይግቡ" እላለሁ።

አንድ ቀን "ሁለተኛ እንዳትሞትብኝ" አሉት። ቃል ገባላቸው። ዳይሬክተር የሆነው በዚህ ነው። ስለ ጥበብ ምናምን የሚያወራው ወሬ ነው፤ ቃል ሲገባ እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ።

የመጀመሪያ ፊልሙን ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ሸቤ ሲቀርጽ እኔም ተቀጠርኩ። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት መቀመጥ አንገሽግሾኝ ነበር። ሥራዬ ቀረጻ ሲጀመር ካሜራው ፊት ክላፕ መምታት ነው። የዚያን ቀን የሚቀረጸው ለቅሶ ስለሆነ ከገበያው በታች፣ ቡና ከሚሰጣበት አጠገብ ድንኳን ጣልን። ሟቹ ፊልሙ ላይ አይታይም፤ ያለው ፎቶው ብቻ ነው። ጠዋት ሳወጣው ዝናብ ገብቶበት ፊቱ ታጥቧል። ዳይሬክተሩ ከመኪናው የራሱን የድሮ ፎቶ አመጣና ጥቁር ጥብጣብ አሰረበት።

"እናትህስ?" አልኩት።

"ፎቶ አይሞትም ባክሽ። ስቀዪው።"

ሰቀልኩት።

ያላሰብነው የገበያ ቀን መሆኑን ነው። እዚያ ሰው ድንኳን ካየ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ገብቶ ይቀመጣል። ካሜራው ሳይነሳ አግዳሚው ሞላ። ዘንቢላቸውን ደጅ አስቀምጠው የገቡ ሴቶች ፎቶውን ሲያዩ አለቀሱ። ፊቱን ያውቁታል፣ ስንቴ ሲሞት አይተውታል። ድንኳን የተጣለለት ግን ገና አሁን ነው።

"ማሎ፣ ባክሽ፣ ፊልም እኮ ነው" አልኳት አንዷን።

እጄን ያዝ አድርጋ "አይዞሽ፣ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው፣ አይታመንም" አለችኝ።

ዳይሬክተሩን ማንም አላወቀውም። እስካሁን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው። ኮፍያ የለው፣ መነጽር የለው፣ ከፎቶው ሥር ቆሟል። አንድ ሽማግሌ ትከሻውን ይዘው "ረቢ ሰብሪ ኢሲኒፍ ሃ ኬኑ" አሉት፤ መጽናናቱን ይስጣችሁ ማለታቸው ነው። ፎቶውን አዩ፣ እሱን አዩ።

"ወንድምህ ነው? ቁርጥ አንተን።"

ካሜራው እየቀረጸ ነበር። እንዳይበላሽበት ብሎ "አዎ፣ አባ" አለ።

ለካ አንዱ ድንኳኑን በስልክ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ ለቆት ኖሯል። ከሰዓት በኋላ ከጅማ በሰቃ በኩል ከመጣ ሚኒባስ እናቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወረዱ። እየሮጠ ሄደ።

"እማዬ፣ አለሁ። እኔ ነኝ።"

ከላይ እስከ ታች አዩት። አልፈውት ገቡ፣ ፎቶው ሥር ተቀመጡና ስሙን እየጠሩ አለቀሱ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሕፃን የሚያስተኙ ይመስላል። ካሜራማኑ ዞሮ ዳይሬክተሩን አየው።

"ካት በል እንጂ" አልኩት።

"ቆይ" አለኝ። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነበር።

እናቱ ሲጨርሱ ወጡ። ዳይሬክተሩ ፊት ቆመው፣ እጅ ነስተው "እግዜር ያጥናዎት" አሉት። "ወንድሙ ነዎት አሉ።"

ሊቀጡት መስሎኝ ነበር። አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ አንድ ወር ይቆያል ብዬ ነበር።

ፊልሙ ወጣ። ያ ለቅሶ አልተቆረጠም፤ ሰው የሚያጨበጭበውም እሱ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ጅማ በመጣ ቁጥር አብሬው እናቱ ቤት እሄዳለሁ፤ ብቻውን መግባት አይወድም። እንደ እንግዳ ወንበር ይስቡለታል። ሻይ ይቀዱለታል፣ ስለ ሥራው ይጠይቁታል፣ አንዴም አንተ አይሉትም። ያ ፎቶ ከነጥብጣቡ ግድግዳቸው ላይ ነው። ባለፈው ሊያወርደው እጁን ዘረጋ።

"ይተዉት፣ እባክዎ" አሉት። "ከልጄ የቀረኝ እሱ ነው።"

እጁን ሰበሰበ።