ብቻውን ያልተፈተነው ጠበል

ሒሩት ምን ሠርታ እንደምትበላ ያላወራ የኮተቤ ሰው የለም። ጎረቤቷ እትዬ ወለተማርያም «ጫጩት አርዳ ሥጋውን በመብራት ታስጨፍራለች» ብለው ለሰፈሩ አድለውታል፤ እውነቱን ለመናገር ብዙም አልዋሹ። ሒሩት የአንድ መድኃኒት ምርምር ቤት ቴክኒሻን ናት። ከጫጩት አንገት ጡንቻውን ከነነርቩ ለይታ፣ ለብ ያለ የጨው ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ትሰቅለዋለች። ነርቩን በኤሌክትሪክ ስትነካው ባለቤቱ የሞተበት ጡንቻ እመር ይላል፤ ኮምፒውተሩም ላይ መስመር ይነሳል። ከዚያ የሚፈተነው መድኃኒት ይጨመርና መስመሩ ይነሳ ወይም ይወድቅ እንደሆን ይታያል።

አባቷ አቶ ዓምደ ሚካኤል ወሰን ሰፈር ባለ ጋራዥ ውስጥ ፍሬን ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጠዋት ደህና ይነሳሉ፤ ቀኑ ሲገፋ የዓይናቸው ቆብ ይወርዳል፣ ምላሳቸው ይያያዛል፣ መፍቻው ከእጃቸው ያመልጣል። ሰፈሩ «አረቄ ነው» ብሎ ፈረደ። ሐኪሙ ግን ነርቭና ጡንቻ መነጋገር ሲያቅታቸው የሚመጣ በሽታ ነው ብሎ፣ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ክኒን አዘዘላቸው። እሳቸውም ክኒኑን እየዋጡ፣ ጎን ለጎን ከእንጦጦ ያስመጡትን ሥር ከዚያው በተቀዳ ጠበል ዘፍዝፈው ይጠጣሉ።

«የፈረንጁን ሁሉ ስትፈትኚ ትውያለሽ፤ የአባትሽን ሥር ግን ንቀሽዋል» ይሏታል።

ነገሩ ከነከናት። አንድ ቀን ጡንቻውን በማደንዘዣ ልክ እንደ አባቷ አደከመችና፣ ሥሩ የተዘፈዘፈበትን ጠበል ጠብ አደረገችበት። ተኝቶ የነበረው መስመር ቀና፣ ቀና እያለ ተነሳ። እልል ልትል ምንም አልቀራት።

አለቃዋ ዶክተር ኢታና ከኋላዋ ቆሞ ያያል። «ውሃው ብቻውንስ? ሥሩ ሳይገባበት ሞክረሽዋል?»

«ዶክተር፣ ጠበል እኮ ነው! ጠበል ይፈተናል እንዴ?»

ኢታና ጴንጤ ነው። ሌላ ውሃ ቢሆን ኖሮ እስክትሞክረው ድረስ ከወንበሯ አያስነሳትም ነበር። አሁን ግን «ጴንጤው ጠበል ነካ» እንዳይባል ጉሮሮውን ጠርጎ ወጣ። እሷ ኃጢአት ፈርታ፣ እሱ ሐሜት ፈርቶ፣ ዋናው ጥያቄ ብርጭቆው አጠገብ ቀረ።

ማታ ቤት ገብታ «አባዬ፣ ሥርህ ሠራ!» አለች። እትዬ ወለተማርያም አጥሩ ጥግ ስለነበሩ ወሬው እስከ ሾላ ገበያ ደረሰ። አቶ ዓምደ ሚካኤልም «በማሽን የተረጋገጠ ሥር እያለኝ» ብለው ክኒኑን ተዉት። ሒሩት ለመነች፣ አለቀሰች። ምን ዋጋ አለው? የምሥራቹ ቀድሟታል።

እየዋለ እያደረ እንጀራ ማላመጥ አቃታቸው፤ አንገታቸው ዘመመ። ያኔ ሒሩት ቤተ ሙከራው ገባች፣ አማተበችና ጠበሉን ብቻውን ጨመረችው። መስመሩ ያንኑ ያህል ተነሳ። ሥሩን በተጣራ ውሃ ዘፍዝፋ ሞከረችው፤ ንቅንቅ የለም። ጡንቻውን ያነቃው ውሃው ከተራራው ድንጋይ ይዞት የወረደው ማዕድን ነበር፤ እሱም ብርጭቆ ውስጥ ይሥራ እንጂ ሰው ቢጠጣው የታመመ ነርቭ አይጠግንም።

እየሮጠች ቤት ስትደርስ እትዬ ወለተማርያም በሽተኛ ሊጠይቁ መጥተው ተቀምጠዋል።

«አባዬ፣ ተሳስቻለሁ። ሥሩ ምንም አይሠራም። ያነሳው ውሃው ነው።»

«ጠበሉ ነው?» አሉ አባቷ፣ በአፍንጫ በሚወጣ ድምፅ።

«አይደለም፣ ውሃው ውስጥ ያለ ማዕድን…»

«ጠበሉ ነዋ!» እትዬ ወለተማርያም እልልታውን አቀለጡት። «እሰይ! ድሮስ ሥር ምን ሊፈይድ! ይኸው ማሽኑም መሰከረ!»

አቶ ዓምደ ሚካኤል ሊስቁ ሞከሩ፤ ከንፈራቸው አልነሳ አለ። ሒሩት ክኒኑን ወደ አፋቸው ስታስጠጋ በደከመ እጃቸው ገፍተው ወደ ጠበሉ ጀሪካን ጠቆሙ።

«ሥር የሌለበትን… ንጹሑን ስጪኝ።»

ቀዳችላቸው። ክኒኑን አስከትላ የምታስውጣቸው መስሏት ነበር። የመጀመሪያው ጉንጭ በአፍንጫቸው ተመለሰ። ሁለተኛው ግን አልተመለሰም፤ ትን አላቸው። ትንታን ለማውጣት መሳል ያስፈልጋል፣ ለመሳል ደግሞ ጉልበት፤ እሳቸው ዘንድ ጉልበት አልነበረም። እትዬ ወለተማርያም እልልታቸውን ትተው «መኪና! የመኪና ያለህ!» እያሉ ወደ አስፋልቱ ሲሮጡ፣ ሒሩት ቀና የማይለውን የአባቷን አንገት በመዳፏ ደግፋ ደረታቸው እንዲነሳ ትጠብቅ ነበር።