ባንኮክን ልንሞክር ጀማ የወረድን ዕለት

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻለኛል፤ አንባቢ በየመንገዱ ስንቀጠቀጥ ሲያየኝ እንዳይገረም። ሐሙስ ማለዳ ከአዲስ አበባ ወደ ዓለም ከተማ ስነሳ ዓላማዬ አንድ ነበር፤ እናቴ ከእኔ ጋር እስያ ሄዳ ትኖር እንደሆነ ልጠይቃት።

የምሠራበት የንግድ ድርጅት የአዲስ አበባ ቢሮውን ሊዘጋ ነው። ሥራዬን ማጣት ካልፈለግሁ ባንኮክ፣ ኩዋላ ላምፑር ወይም ኩንሚንግ ካሉት ቢሮዎቹ ወደ አንዱ መዛወር አለብኝ። መልሴን ሰኞ ይጠብቃሉ። እናቴ እትዬ አስካለ ደግሞ ዓለም ከተማ ዳር ብቻዋን ትኖራለች። ባለፈው ክረምት ጓሮ አንሸራቷት ወድቃ፣ ጎረቤቷ ወርቄ ደርሳ እስክታነሳት ድረስ ዝናብ ላይ ተኝታ ቆይታለች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ እንቅልፍ አይደለም። እሷን ጥዬ አልሄድም፤ ካልሄድኩ ደግሞ እንጀራዬ ተቆረጠ ማለት ነው።

ቁልቁለቱ

መናኸሪያ እንደ ደረስኩ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለ ወንበር ሳይሆን ስለ መንገዱ ነበር። «ሰላም ነው?» አልኩት ረዳቱን። «እስከ ትናንት ሰላም ነው» አለኝ። ይህ መልስ ሰውን ያረጋጋል? እኔን ጭራሽ አስበረገገኝ። ደግነቱ አጠገቤ የተቀመጡት ጋሽ ተሾመ የሚባሉ የዓለም ከተማ እህል ነጋዴ ነበሩ፤ ሲያወሩ ሌላውን ሁሉ ያስረሳሉ። ሙከጡሪ ላይ ለቁርስ ስንወርድ ዳቦ በሻይ ጋበዙኝና ጉዳዬን አንድ በአንድ አስወጡኝ።

እኔም ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ የከረምኩትን ዘረገፍኩላቸው። ባንኮክ አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ይሄዳል፣ ሆስፒታሉም ስመ ጥር ነው፤ ሙቀቱ ግን አይጣል፣ በበጋ ደግሞ ጭሱ ሰማዩን ይሸፍነዋል ይላሉ። ኩዋላ ላምፑር እንግሊዝኛ የሚናገር አይጠፋም፣ ቤቱም ሰፋ ያለ ይገኛል፤ ሙቀቱ ግን ያው ነው፣ ዝናቡም ይብሳል። ኩንሚንግ አየሩ ዓመቱን ሙሉ ለስላሳ ነው፤ ቻይንኛ ካላወቅህ ግን ዳቦ መግዛትም ፈተና ነው።

ጋሽ ተሾመ ሻያቸውን ፉት አሉና «ይሄን ሁሉ ተወው። የቱ ነው ደጋ?» አሉኝ።

«ኩንሚንግ።»

«እናትህ የየት ሰው ናቸው?»

«ትውልዷ ግሼ፣ ራቤል ነው። እዚህ ያመጣት ጋብቻ ነው።»

«የራቤል ብርድ ያሳደገውን ሰው ባንኮክ ልትጥል? አንተ ሰውዬ፣ እግዜርን ፍራ!»

ለሚ ከተማን አልፈን ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ቁልቁል መጠምዘዝ ስንጀምር ነፍሴ በእጄ ገባች። አውቶቡሱ በታጠፈ ቁጥር ገደሉ በመስኮቴ በኩል ይመጣል። የፍሬኑ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። «በስመአብ፣ በስመአብ» እያልኩ የፊቱን ወንበር ሙጭጭ አልኩ። ጋሽ ተሾመ ያንኮራፋሉ። ድልድዩን ተሻግረን ወዲያኛውን አቀበት እስክንያያዝ ድረስ ሸለቆው በአግባቡ መተንፈስም አልፈቀደልኝ፤ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው።

ዓለም ከተማ

እናቴ በደስታ ተቀበለችኝ፣ አገላብጣ ሳመችኝ፣ መክሳቴን ነገረችኝ። ነገሩን ስዘረዝርላት ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከተሞቹን ሳነጻጽር ግን የያዘችው አንዲት ነገር ብቻ ነበረች።

«የባንኮኩ ሙቀት እንደ ጀማ ነው?»

«ሳይብስ አይቀርም፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ነገ ጀማ እንውረድና እንየው።»

«ምኑን?»

«ሙቀቱን ነዋ! በሬ ስትገዛ ጠምደህ አንድ ሁለት ትልም ሳታርስበት ትገዛለህ? አገር ያህል ነገር በወሬ ይገዛል እንዴ?»

ብለምናት፣ ስለ ደም ግፊቷ ባስታውሳት፣ ወርቄን አማላጅ ብልክባት ወይ ፍንክች! ወርቄማ ጭራሽ «ትውረድ፣ ምን ታረጋለህ» ብላ ሳቀችብኝ። ያን ዕለት እናቴን በገዛ እጄ ይዤ ወደ ሞቷ የምወርድ ሆኖ ተሰማኝ።

ጀማ

አርብ ረፋዱ ላይ ሚኒባስ ይዘን ወረድን። አርብ ጾም ስለሆነ እናቴ እህል አልቀመሰችም፤ እኔ ጥግብ ብዬ በልቻለሁ። ድልድዩ አጠገብ በላይነሽ የምትባል ሴት ሻይና ፓፓያ የምትሸጥበት ዳስ አለ። እዚያ ጥላ ሥር አረፍ አልን።

«እትዬ፣ ወደዚህ እሳት ምን አመጣዎ?» አለች በላይነሽ።

«ልጄ ባንኮክ ሊወስደኝ ነው። ልሞክረው ብዬ።»

«ባንኮክ የማን ወረዳ ነው?»

«የሩቅ ነው አሉ» አለች እናቴ ኮራ ብላ።

ብዙም ሳይቆዩ ዘር መቁጠር ጀመሩ፤ የበላይነሽ አክስት የእናቴን አጎት ልጅ ያገባች ሆና ተገኘች። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሰላም ይላታል፤ እሷም ብድግ እያለች ትመልሳለች። እኔ ግን ዓይኔን ከፊቷ አልነቀልኩም። ጉንጯ ቀላ እንዴ? ትንፋሿ አጠረ? እጇን ይዤ የደም ሥሯን ስፈልግ «ተው አትነካካኝ፣ አልሞትኩም!» ብላ መነጨቀችኝ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«ወዴት ነው?»

«ጥላ ሥርማ ሁሉም ይኖራል። ድልድዩን ተሻግረን እንመለስ።»

ተከተልኳት። የድልድዩ ብረት እጅ ያቃጥላል። እሷ ከፊቴ በዝግታ፣ ግን ሳታቋርጥ ትሄዳለች። እኔ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ያሳርረኛል፤ ልቤ ጉሮሮዬ ውስጥ ይመታል። «አሁን ትወድቃለች፣ አሁን ትወድቃለች» እያልኩ ልደግፋት እጄን እንደ ዘረጋሁ ወንዙ ከሥሬ ዞረ። ጆሮዬ ጭው አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ስነቃ ዳሱ ውስጥ ነኝ። ራሴ በእናቴ ጉልበት ላይ ነው፤ በላይነሽ ውሃ ታፈስስብኛለች። «እኔን! እኔን ያስቀድመኝ!» ትላለች እናቴ። ነጠላዋ በውሃ ርሷል፣ በጫፉ ፊቴን ደጋግማ ትጠርገዋለች። በሕይወቴ ስትፈራ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ሞቼ የነበረ መስሎኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ አላፈርኩም።

ከሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አዝኖልን ጋቢና ውስጥ አስገብቶ አወጣን። እናቴ ሽቅቡን ሁሉ እጄን ጭምድድ አድርጋ ይዛ አለቀቀችኝም። አያያዟ ከገደሉ ይልቅ አስፈራኝ።

ስንብት

ቅዳሜ ጠዋት ለመንገዴ ዳቦ እየቋጠረችልኝ ተናገረች።

«እኔ አልሄድም፣ ልጄ። አንተ ሳትመጣም ቆርጬ ነበር። ወርቄ ቤቷን አከራይታ ከኔ ጋር ልትኖር ተስማምተናል።»

«ታዲያ ጀማ ለምን ወረድን?»

«አንተን ላይህ ነዋ። የጀማን ሙቀት እኔ አጣሁት? አባትህ ነፍሱን ይማረውና በሕይወት ሳለ እዚያ ማሽላ ስናርም ከርመናል። የማላውቀው የአንተን አቅም ነው። ደጋውን ያዝ። ምን ሚንግ ነበር ያልከው?»

«ብትወድቂስ፣ እማዬ?»

«እወድቅ ይሆናል። ወርቄ አለች፣ ታነሳኛለች። ትናንት የወደቅኸው ግን አንተ ነህ፤ ያነሳሁህ እኔና በላይነሽ ነን። እዚያ ማን ያነሳሃል? እሱን ስፈራ ነው ያደርኩት።» ዳቦውን እጄ ላይ አስቀመጠችና «ቤት ከመከራየትህ በፊት ጎረቤቱን እይ። ሰላም በላቸው። ቋንቋውን ባታውቅ በእጅህም ቢሆን ሰላም በላቸው» አለችኝ።

አዲስ አበባ

በመልሱ መንገድ ቁልቁለቱም አቀበቱም ሳላስተውላቸው አለፉ፤ ሌላ ነገር ስፈራ ነበርና። አውሮፕላኑን፣ የቤት ኪራዩን፣ ሆስፒታሉን፣ አየሩን ሁሉ ስመዝን ከርሜ፣ ብወድቅ ማን እንደሚያነሳኝ አንድም ከተማ ላይ አልጠየቅሁም። ደግሞስ «እናቴን ጥዬ አልሄድም» የምለው ለእሷ ብቻ ነበር እንዴ? አልነበረም። ከጀርባዋ ተሸሽጌ ነበር፤ እሷ ግን ዞር አለችና ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ። ይህን ያህል የፈራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሰኞ ጠዋት «ኩንሚንግ» ብዬ ጽፌ ላክሁና ለእናቴ ደወልኩ።

«ላክኸው?»

«ላክሁት።»

«ጎበዝ! ጎበዝ የኔ ልጅ!» አለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። ከዚያ ስልኩ ከእጇ ወጣና የወርቄ ድምፅ መጣ፤ «ውሃ ልትቀዳ ወጣች» አለችኝ። ከኋላዋ እናቴ ስታለቅስ እየሰማሁ፣ «እሺ፣ ስትመለስ እደውላለሁ» አልኳት።