ባይሞላም የሚነሳ ባቡር

አጎቴ በወጣትነታቸው የድሬዳዋ ባቡር ላይ ትኬት ይቆርጡ ነበር። ወደ ከተማችን መካነ ሰላም ከተመለሱ በኋላ መኪና በዘገየ ቁጥር የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው፣ "እስኪሞላ የሚጠበቅ ጆንያ ነው፤ ሰው በሰዓቱ ይሄዳል" ይሉ ነበር።

በረሃቡ ዓመት እናቴ ታመመችና ደሴ ልንወስዳት አውቶቡስ ላይ አወጣናት። ሾፌሩ ካልሞላ አልሄድም አለ። ሰው ከየት ይምጣ? ገሚሱ ተሰዷል፤ የቀረው መንገድ የሚሄድበት አቅም የለውም። አጎቴ ወደ ሰፈር ሄደው ጎረቤቶቻችንን ይዘው መጡና በየወንበሩ አስቀመጧቸው።

"ይኸው ሞላ። ንዳ እንግዲህ" አሉት።

አንድም ሰው ስንቅ አልያዘም። ሾፌሩ ገብቶታል፤ አቀርቅሮ ሞተሩን አስነሳ። ከከተማው መውጫ ላይ ጎረቤቶቻችን እናቴን "አብሽሪ፣ አላህ ያሽርሽ" እያሉ አንድ በአንድ ወረዱ። እናቴ ድና ተመለሰች።

አብዮቱ መጥቶ በስብሰባ ላይ "ሕዝቡ ምን ይፈልጋል?" ተብሎ ሲጠየቅ አጎቴ ብድግ አሉ።

"ከደሴ አዲስ አበባ ባቡር። ባይሞላም በሰዓቱ የሚነሳ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም።

ትናንት የአጎቴን የአርባ ቀን ሰደቃ አውጥተን ወደ ደሴ ልመለስ ተሳፈርኩ። የተባለው ሰዓት አለፈ። ሰዓታቸውን ከኪሴ አውጥቼ አየሁት፤ እንደ እርሳቸው ተነስቼ መናገር ግን አቃተኝ። ከአጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ሁላችንም እንደ ጆንያ ዝም ብለን እስኪሞላ ጠበቅን።